ጭስ ያልገባበት የጭስ ክፍል

ለወገን የደከሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ጉልበቱን ይሰጣል፣ አንዱ ዕድሜውን ይሰጣል፣ ብልጡ ደግሞ የሌላውን ሰው ዕድሜ ይሰጣል። ለጥንቸል ግልገሎች ሳንባ ሲሉ የገዛ ሳንባቸውን የሰዉ ግን እስካሁን የታወቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውም የመተንፈሻ አካላት ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር ናቸው። ታሪካቸውን መናገር ለእኛ ለትንንሾቹ ክብር ነው፤ ለእሳቸው ክብር መሆን አለመሆኑን አንባቢ ይፍረድ።

ዋና ዳይሬክተሩ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ከቁመታቸው የሚረዝም ሰው ናቸው። ጸጉራቸው ነጭ ነው፣ ሪዛቸውም ነጭ ነው፤ ከአፍንጫቸው ሥር ያለው ብቻ ቢጫ ነው። በየዓመቱ ትንባሆን በሚያወግዘው ጉባኤ ላይ የመክፈቻውን ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። «ትንባሆ የትውልድ ጠላት ነው» ብለው ይጀምራሉ። መሐል ላይ ድምፃቸው ይዝላል፣ እጃቸው ኪሳቸውን ይዳብሳል፣ ከዚያ «ለአፍታ ሐሳቤን ላሰባስብ» ብለው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ሲመለሱ ሐሳባቸው ተሰብስቦ፣ ኮታቸው ሸቶ፣ ውግዘታቸው ከቀድሞው የጋለ ሆኖ ይገኛል። ከጊዜ በኋላ በተቋሙ ውስጥ «ማጨስ» የሚባለው ቃል ራሱ ጠፋ። የሚያጨስ ሠራተኛ አልነበረም፤ ሐሳቡን የሚያሰባስብ ሠራተኛ ግን በየደረጃው ሥር ሞልቶ ነበር።

የተቋሙ ትልቁ ሥራ «ሌላው የሚያጨሰው የትንባሆ ጭስ በጨቅላ እንስሳት የአየር ቧንቧ ነርቮች ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ» የሚል ጥናት ነበር። ስሙ ረጅም ነው፣ ቁም ነገሩ አጭር ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ነርቮች አሉ፤ ሥራቸው ዘበኝነት ነው። አቧራ ወይም ጭስ ሲገባ «ማን ነው?» ይላሉ፣ ያን ጊዜ ባለቤቱ ይስላል። ደህና ዘበኛ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ወዳጅ ሲመጣ ዝም ይላል። በጨቅላነቱ ጭስ ሲያስጨንቀው ያደገ ዘበኛ ግን ማንም ማን ይሁን ይጮኻል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲገባ ይጮኻል፣ ሳቅ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሩጫ ሲመጣ ይጮኻል። እውነት እንዲህ ይሆን እንደሆነ ለማየት የጥንቸል ግልገሎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «የጭስ ክፍል» ወደሚባለው፣ ግማሾቹ ጎኑ ወዳለው «የንጹሕ አየር ክፍል» ገቡ። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ማሽን ሲጋራ እየለኮሰ ጭሱን እንዲነፋ ተመደበ። በሁለተኛው ማንም ምንም አያደርግም፤ ይህኛው ክፍል ለተቋሙ ሠራተኞች ይቀላል ተብሎ ታስቦ ነበር።

ሥራውን የምትመራው አንዲት ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ተመራማሪ ነበረች። ዋና ዳይሬክተሩ «የእኛ ዝምተኛ» ይሏታል። ዝምተኛ የሆነችው መናገር ስለማትወድ ሳይሆን ተናግራ ስለደከማት ነው።

ነገሩ ሁሉ የቢሮ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን ዋና ዳይሬክተሩ አያት ሆኑ።

ባለቤታቸው ካረፈች ወዲህ ቤታቸው ሰው የሌለበት የሚመስል ቤት ነበር። ማታ ገብተው የሚያነጋግሩት ቢያጡ ለወንበሮቹ ንግግር ያደርጉላቸው ነበር ይባላል። ከዚያ አንዲት ልጃቸው ወለደች፣ የባሏም ሥራ ሩቅ ስለነበር ወንድ ልጇን ማሙሽን ታቅፋ አባቷ ዘንድ መጣች። ማሙሽ ከገባ ጀምሮ ቤቱ ቤት ሆነ። ዋና ዳይሬክተሩ ማሙሽን ይወዱታል፤ እዚህ ላይ አንሾፍም። ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ «የእኔ አለቃ የት አለ?» ይላሉ። አለቃቸውም ቢጫውን ሪዝ በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል፣ እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ማሙሽ ግን ያስለዋል። ሳሉ ደረቅና አጭር ነው፤ አንዴ ከጀመረው ፊቱ እስኪቀላ አይለቀውም። ሲጀምረው ዋና ዳይሬክተሩ መኝታ ቤቱ በር ላይ ጆሮአቸውን ለጥፈው ይቆማሉ። በጣም ሲጨንቃቸው እዚያው በሩ ላይ እንደቆሙ ሐሳባቸውን ያሰባስባሉ።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል» አለቻቸው ልጃቸው።

«ሰምቻለሁ። ገና ወጣት ሐኪም ነው።»

«ከሲጋራው ነው አለ።»

«ከሲጋራው ሊሆን ይችላል አለ። ነው ማለትና ሊሆን ይችላል ማለት በሳይንስ ዘንድ ሰማይና ምድር ናቸው።»

«ታዲያ ከምን ይሆናል?»

«መጋረጃው አሮጌ ነው።»

መጋረጃው ታጠበ፤ ማሙሽን አሳለው። መጋረጃው ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፤ አሳለው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ። ድመቷ ለጎረቤት ተሰጠች፤ ድመቷ መጀመሪያውኑም የጎረቤት ነበረች። ዋና ዳይሬክተሩ በሽታውን ፍለጋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞሩ ሲጋራቸው ከአፋቸው አልወረደም፤ ፍለጋው አድካሚ ስለነበር ሐሳብ ማሰባሰብ ይጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ ልጃቸው ማሙሽን ታቅፋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። የእናቷ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«አባዬ፣ ጠብ አልፈልግም። ወይ ሲጋራው ከቤት ይውጣ፣ ወይ እኔና ማሙሽ እንውጣ። አማቴ ዘንድ ክፍል አለ።»

ዋና ዳይሬክተሩ ደነገጡ። የአማቷ ቤት ሌላ ከተማ ነው። ወንበሮቹ ታወሷቸው።

«ልጄ፣ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ። በወሬ አቁም ስባል አላቆምም። የጥንቸሎቹ ውጤት ይምጣ። ጭስ የጨቅላን የአየር ቧንቧ ያበላሻል ካለ በዚያው ቀን አቆማለሁ። በእናትሽ አጽም።»

«የማሙሽን ሳል እየሰማህ የጥንቸል ሳል ትጠብቃለህ?»

«ማሙሽ አንድ ነው። አንድ ለጥናት አይበቃም።»

ልጃቸው እሺ አለች። በእናቷ አጽም ምለው የከዱበትን ቀን አታውቅም፤ የጥንቸሎቹም መልስ ምን እንደሚሆን የሚጠፋው ሰው የለም ብላ አሰበች። ግልገሎቹ በቅርቡ ክፍላቸው ገብተዋል፤ ውጤቱም በጥቂት ሳምንት ይደርሳል። እስከዚያው የማሙሽን አልጋ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ በበሩ ሥር ብርድ ልብስ ወትፋ ጠበቀች።

እንዳለመታደል ሆኖ በዚያው ሰሞን፣ ግልገሎቹ ገና ጭስ ሳይቀምሱ፣ ማሽኑ ታመመ። በቀደሙት ጥናቶች ቀን ከሌት ሲያጨስ ኖሮ ቱቦው በቅጥራን ተደፈነ፤ እየተንተፋተፈ፣ እየተንዘፈዘፈ፣ አንድ ጠዋት ቀጥ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ያጨሰው በዝቶበት ነው» አለ። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ሥራው ግን መለዋወጫ አይጠብቅም።

ታላቅነት በችግር ቀን ይታያል። ዋና ዳይሬክተሩ አጠቃላይ ስብሰባ ጠሩና ተነሥተው ቆሙ። «ማሽን ቢያቅተው ሰው አያቅተውም» አሉ። «ያለንን የሰው ኃይል በተቀናጀና ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ በማንቀሳቀስ የጭስ አቅርቦት ክፍተቱን በራስ አቅም የምንሞላ ይሆናል።» ጭብጨባ ሆነ። የጭስ አቅርቦት ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባል መሆን የሚፈልግ እጁን ያውጣ ሲባል እጁን ያላወጣ አልነበረም። አጭሰው የማያውቁ ሁለት ሠራተኞች እንኳ ለመማር ፈቃደኛ መሆናቸውን በትሕትና ገለጹ። ሰብሳቢነቱ በአጭሩ «ግዥው» ለሚባሉት ለግዥ ክፍል ኃላፊ ተሰጠ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ለተቋሙ አንድም ነገር በጊዜው አቅርበው ስለማያውቁ ዕድል ሊሰጣቸው ይገባል ተባለ።

ኮሚቴው ሲጋራውን ታጥቆ ወደ ጭስ ክፍል ሄደ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «የጭስ ክፍል። በውስጡ ያለው አየር ለጤና ጎጂ በመሆኑ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ከሥሩ የዋና ዳይሬክተሩ ፊርማና ማኅተም አለ። ኮሚቴው አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ማስክ አድርገን ነው የምንገባው?» አለ አንዱ።

«ሕጉ እሱ ነው» አሉ ግዥው።

«ማስክ ያደረገ ሰው ሲጋራውን በየት በኩል ይስበዋል?»

«ቀዳዳ እናብጅለት።»

«የተቀደደ ማስክ ማስክ አይባልም። ተጠያቂነት ያመጣል።»

«በቃ አውልቀን እንግባ።»

«እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ ሌላው፣ ሲጋራውን በከንፈሩ እንደያዘ። «ለጤና ጎጂ ነው ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ውስጥ ያለ መከላከያ አልገባም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነፍስ ያላት ነገር ለነፍሷ ትሳሳለች። ጭስ መውጫ አያጣም እንዲሉ፣ ግዥው ወደ ጎን ቢመለከቱ ሁለተኛውን በር አዩ። የንጹሕ አየር ክፍል ይላል። ማስክ አይጠይቅም። ገርበብ ሲያደርጉት ደስ የሚል ነፋስ ተቀበላቸው።

«የተሰጠን ኃላፊነት ጭስ ማቅረብ ነው» አሉ ግዥው። «የት ቁጭ ብለን እንደምናቀርብ ደብዳቤው አይገልጽም።»

ገቡ። በማግስቱ ወንበር አስገቡ፣ በሣልስቱ ጠረጴዛና ካርታ አስገቡ። ዋና ዳይሬክተሩ ለጉብኝት መጥተው መሐላቸው ተቀመጡና አንድ ለኮሱ። «እዚህ አየሩ እንዴት ንጹሕ ነው» አሉ፣ ወደ ውስጥ እየሳቡ። የጥንቸል ግልገሎቹ በመጀመሪያ ወደ ጥግ ተሸሸጉ፣ አፍንጫቸውን አንዱ በአንዱ ጸጉር ውስጥ ቀበሩ። ከዚያ አንዲቱ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ሌላው ተቀበላት። ኮሚቴው ካርታውን ይጫወት ስለነበር አልሰማም።

ተመራማሪዋ ሰማች። ወደ ዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ኮሚቴው የሚያጨሰው ንጹሕ አየር ክፍል ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ሐሳቤን የማሰባስበው እዚያ ነው።»

«ያ ክፍል እኮ ጭስ እንዳይገባበት የተለየ ነው።»

«መች ገባበት? በዕቅዱ ላይ ጭስ የተመደበው ለየትኛው ክፍል ነው?»

«ለጭስ ክፍል።»

«ለንጹሕ አየር ክፍልስ?»

«ምንም አልተመደበለትም።»

«ያልተመደበ ነገር በየት በኩል ይገባል ልጄ?»

«በአፍ ነው የሚገባው ጌታዬ። በእርስዎም አፍ ጭምር።»

ዋና ዳይሬክተሩ ይህን ለትጋታቸው እንደተሰጠ ምስጋና ቆጥረው ፈገግ አሉ። ዝምተኛዋም ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሳል መስማት ሥራዋ ነበርና ሰማች፣ ያየችውንም ጻፈች፤ ኮሚቴው የት ቁጭ ብሎ እንደሚያጨስም በሪፖርቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ አስቀመጠች። ዋና ዳይሬክተሩ ግን የመጀመሪያ ገጽ አያነቡም። የመጀመሪያ ገጽ ለበታች ሠራተኛ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚያነበው መደምደሚያውን ነው።

መደምደሚያው እንዲህ ይላል፦ የጭስ ክፍል ግልገሎች ጤነኞች ናቸው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነፋባቸው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ እንጂ አይስሉም። የንጹሕ አየር ክፍል ግልገሎች ነርቮቻቸው ተቆጥተዋል፤ ነፋስ ሲነካቸው ይስላሉ፣ ሲዘሉ ይስላሉ፣ ስማቸው ሲጠራ ይስላሉ።

ዋና ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያወግዙት የኖሩት ወዳጃቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ማሙሽም አይሄድም። ደስታው ሲበዛባቸው ጊዜ እንባ አውጥተው አለቀሱ። በዚያው ሳምንት ታላቁን ግኝት ለሠራተኛው አበሠሩ፦ ጭስ የጨቅላን የአየር ቧንቧ ያጠነክራል፤ ንጹሕ አየር ግን ሥር የሰደደ ጠንቅ ነው። የጭስ አቅርቦት ኮሚቴ የምስክር ወረቀት ተሸለመ።

ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈቱት ሲጋራቸውን ከነእሳቱ ይዘው ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ማሙሽን የሚያስለው ጭስ አንሶት ነው።»

ልጃቸው ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ማሙሽ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ያስለው ነበር። ወደ ጓዳ ገብታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ዋና ዳይሬክተሩ መንገዷን ዘጉ። «በውጤቱ እንዳኛለን ተባብለን የለ?»

«ተባብለናል።»

«ታዲያ ሻንጣው ምንድን ነው?»

«ጥንቸሎቹን በዓይኔ ልያቸው። ከዚያ ወይ ሻንጣውን እፈታለሁ፣ ወይ ከዚያው እንዳለሁ እሄዳለሁ።»

ያን ሌሊት ዋና ዳይሬክተሩ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በሩ ላይ ቆመው የማሙሽን ሳል አዳመጡ። ፈሩ። ምኑን እንደፈሩ ቢጠየቁ ንጹሕ አየሩን ይሉ ነበር።

በማግስቱ ልጃቸው ማሙሽን ታቅፋ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ተቋሙ መጣች። መጀመሪያ «የንጹሕ አየር ክፍል» የሚለውን በር ከፈተች። ሰማያዊ ደመና ፊቷ ላይ መጣባት። ከደመናው ውስጥ «ግቢ ግቢ፣ እንግዳ አይደለሽም» የሚል የግዥው ድምፅ ተሰማ። ከጥጉ የጥንቸሎች ሳል መጣ፤ ማሙሽ ወዲያው ተቀበላቸው። እዚያ በር ላይ ጨቅላዎቹ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ተነጋገሩ። በሩን ዘጋችው።

ቀጥሎ «የጭስ ክፍል» የሚለውን ከፈተች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ግልገሎቹ ጆሮአቸውን አቁመው ይዘላሉ። ተመራማሪዋ ማስኳን አገጯ ሥር አውርዳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ በተቋሙ ውስጥ ሰው መተንፈስ የሚችልበት ክፍል ያ ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛዋን ወደዚያ ካዛወረች ሰንብታለች። ማሙሽ አንዴ፣ ሁለቴ ሳለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተወው። ጥቂት ቆይቶ ራሱ የእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ተኛ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ተመራማሪዋ በዓይኗ ብቻ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ማስታወቂያ አሳየቻት።

በዚህ መሐል ዋና ዳይሬክተሩ ደረሱ። ከበሩ ውጭ ቆም አሉና ሲጋራቸውን አጠፉ፣ ከኪሳቸው ማስክ አውጥተው አደረጉ፣ ከዚያ ገቡ። ልጃቸው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከተች።

«አባዬ፣ ሲጋራህን ለምን አጠፋኸው?»

«የጭስ ክፍል ነዋ። ያለ ማስክ አይገባም። ማስክ ያደረገ ሰው ደግሞ አያጨስም።»

«ሕጉን ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተንም ይመለከታል?»

ዋና ዳይሬክተሩ በቁመታቸው ልክ ቆሙ። «በፊርማዬ የወጣ ነገር ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እኔን ነው። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ፊርማዬን ጥሼ አላውቅም።»

ይህ እውነት ነበር። ሐኪም አዝዟቸው ጥሰዋል፣ ልጃቸው ለምናቸው ጥሰዋል፣ ሟች ባለቤታቸውም ዘመኗን ሙሉ ነግራቸው አልሰሟትም። ማኅተም ያለበትን ነገር ግን ጥሰው አያውቁም።

ልጃቸው የተኛውን ማሙሽን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጥናታችሁ ልክ ነው አባዬ። ይኸው፣ የጭስ ክፍል ከመግባቱ ሳሉ ተወው። ይህን ማስታወቂያ ስጠኝ። ቤታችን በሙሉ የጭስ ክፍል ይሁን።»

የዋና ዳይሬክተሩ ዓይን በማስኩ በላይ በእንባ ሞላ። ልጃቸው ለዕውቀት ስትገዛ ያዩት ያን ዕለት ነው። ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው ነቅለው ሰጧት፣ ለተቋሙም ሌላ እንዲታተም አዘዙ። ሻንጣውንም ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤት መለሱት።

ማታ ከሥራ ሲመለሱ ማስታወቂያው የቤታቸው በር ላይ ተቸንክሮ ጠበቃቸው። ሲጋራው በአፋቸው ነበር። አነበቡት። ፊርማውን አዩት፤ የእሳቸው ነው። ማኅተሙንም አዩት። ሲጋራውን አጠፉ፣ ማስክ አደረጉ፣ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳባቸውን የሚያሰባስቡት ግቢው ጥግ፣ ጣራ በሌለበት ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ሐሳቡም ሲጋራውም ይረጥባል። ቤት ውስጥ ማስካቸውን አድርገው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ማሙሽ ላስቲኩን እየሳበ ይለቀዋል፣ ጆሮአቸው ላይ ጧ ሲል ይስቃል። ሳሉም ቀነሰ። ቀነሰና ቀነሰና ጠፋ። ዋና ዳይሬክተሩ በደስታ ብዛት በጥናቱ መጨረሻ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው «የጭስ ክፍል የሰው ጨቅላንም ማዳኑ ተረጋግጧል» ብለው ጨመሩበት፤ አንድ ለጥናት እንደማይበቃ ለጊዜው ዘነጉት።

ተመራማሪዋም ይህን አይታ ቢሮአቸው ገባች።

«ጌታዬ፣ የንጹሕ አየር ክፍል ግልገሎች አንጀቴን በሉት። እነሱም የጭስ ክፍል ይሁንላቸው።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ፣ በእውነት አዝነው። ሁለተኛውን ማስታወቂያ ፈረሙ። ኮሚቴው ከሰዓት ሲመጣ ሁለቱም በሮች ቀይ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው አገኘ። ግዥው አነበቡት፣ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ «በሁለት የጭስ ክፍል መሐል መቆም ለጤና አስጊ ነው» ብለው ኮሚቴውን ከአጥር ውጭ አወጡት።

ክፍሉ ጠራ። መስኮቱ ተከፈተ። ግልገሎቹ ግን ቀዝቃዛ ነፋስ ሲገባ አሁንም ይስላሉ፣ ሲዘሉ ይስላሉ። ሳምንታት አለፉ፤ አልተዋቸውም። ዋና ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ማስካቸውን አድርገው ገብተው አንዷን እፍኛቸው ላይ አኖሯት። ሳሏ መዳፋቸው ላይ ተሰማቸው።

«እነዚህ ለምን አልዳኑም?»

«ዘገየን ጌታዬ» አለች ተመራማሪዋ። «በጨቅላነቱ መጮህ የለመደ ነርቭ ቶሎ አይረሳም።»

ዋና ዳይሬክተሩ ማሙሽ ትዝ አላቸው። ስንት ወር በዚያ ቤት ሲያስለው ኖረ? ብንዘገይ ኖሮስ? ጥንቸሏን ቀስ አድርገው መለሷትና የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወደ ቤት ሮጡ። መንገድ ላይ፣ ድንጋጤው ሲብስባቸው፣ ሐሳባቸውን በላይ በላዩ አሰባሰቡ።

በሩን ልጃቸው ከፈተችላቸው። ማሙሽ ክንዷ ላይ ነበር፤ ሲያያቸው ሁለት እጁን ዘረጋ። ዋና ዳይሬክተሩ ማስክም ማስታወቂያም ከሐሳባቸው ጠፋ። ደፉ ላይ እንደቆሙ ፊታቸውን በፊቱ ላይ አድርገው ሳሙት፣ «የእኔ አለቃ፣ የእኔ አለቃ» አሉት፣ በአፉ አካባቢ በረጅሙ ተነፈሱ።

ማሙሽ ቢጫውን ሪዝ ያዘ። አፍንጫውን ጨመደደ። ከዚያ ያ ደረቅና አጭር ሳል መጣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

ዋና ዳይሬክተሩ ፊታቸው ነጣ። ወደ ኋላ ተፈናጠሩና በተከፈተው በር በኩል የሚገባውን ነፋስ በጣታቸው አመለከቱ።

«ዝጊው ልጄ፣ ቶሎ ዝጊው» አሉ። «ንጹሕ አየር ገባበት።»

«እሺ አባዬ» አለች ልጃቸው። ዘጋችው፤ እሳቸው ከውጭ እንዳሉ።